ውሃ ሊያጠጣ ተቋቁሞ ባንክ የሆነው ኩባንያ

ማንሃታን ደሴት ናት። በስተምዕራብ ሀድሰን፣ በስተምሥራቅ ኢስት ሪቨር የሚባሉት ወንዞች አቅፈዋታል። ዳሩ ግን ሁለቱም ባሕሩ ወደ ውስጥ የሚገፋባቸው ጨዋማ ውሆች ናቸውና ለመጠጥ አይሆኑም። የኒው ዮርክ ሰው፣ የሆላንድ ነጋዴዎች ከተማዋን ከቆረቆሩበት ከ17ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ ከ200 ዓመት በላይ በውሃ መካከል ተቀምጦ ውሃ ሲፈልግ ኖሯል። የዚህ ፍለጋ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው በመሐንዲሶች ሥራ በኩል ነው፤ ግድቡ፣ ቦዩ፣ ድልድዩ ይወደሳል። እኔ ግን የማተኩረው በሕጎቹ ላይ ነው። ለምን ቢሉ፣ ያቺን ሀብታም ከተማ 40 ዓመት ያህል ከንጹሕ ውሃ ካራቋት ነገሮች ሁሉ ዋነኛዋ በአንድ ሕግ መካከል ተሸጉጣ የገባች አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረችና ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከኩሬው እንጀምር። በያኔዋ ከተማ ሰሜናዊ ዳርቻ ኮሌክት የሚባል፣ ከሥሩ ምንጭ የሚመግበው ጥልቅ ኩሬ ነበር። በቀደመው ዘመን ሰው ዓሣ ያጠምድበት፣ ብርዱ ሲያረጋው በበረዶው ላይ ይንሸራተትበት ነበር። እየቆየ ግን ቆዳ አልፊው፣ ቄራው፣ ቢራ ጠማቂው ሁሉ ዳርቻውን ያዘና እድፉን እዚያው ይደፋ ጀመር። በየመንገዱ የተቆፈሩት የሕዝብ ጉድጓዶችም ከመጸዳጃ ጉድጓድና ከመቃብር ስፍራ ጋር የተጎራበቱ ስለነበሩ ከኩሬው አይሻሉም። በ1748 ከተማዋን የጎበኘው ስዊድናዊው የእጽዋት ሊቅ ፔተር ካልም፣ የእንግዳ ፈረሶች እንኳ ያንን ውሃ እንደማይወዱት ጽፏል። የአገሬው ፈረስ ለምዶት ኖሯል ማለት ነው።

አቅም ያለው ሰው ‹‹የሻይ ውሃ›› ይገዛ ነበር። ከኮሌክት ብዙም ሳይርቅ፣ ጣዕሙ ከተመሰገነለት አንድ ፓምፕ እየቀዱ፣ በበርሜል ጭነው በጋሪ በየደጁ የሚያዞሩ ነጋዴዎች ነበሩ። ንግዱ እየሰፋ ሄዶ የከተማው ምክር ቤት በ1757 እነዚህን የሻይ ውሃ ሰዎች የሚመለከት ደንብ እስከ ማውጣት ደረሰ። ሕጉ እንግዲህ ሻጩን አወቀው፤ መግዛት የማይችለው ድኻ ምን እንደሚጠጣ ግን ገና አልጠየቀም። በ1774 ክሪስቶፈር ኮልስ የሚባል የአየርላንድ ተወላጅ መሐንዲስ በእንፋሎት ሞተር ውሃ ስቦ በቧንቧ ለማከፋፈል ከምክር ቤቱ ጋር ተስማምቶ ሥራ ጀመረ። ማጠራቀሚያው ተሠርቶ፣ ሞተሩ ተተክሎ፣ ነገሩ ሊያልቅ ሲል ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው የነፃነት ጦርነት በ1776 ከተማዋ ድረስ መጣና ሁሉንም አስቀረው።

በ1798፣ ሙቀቱ በበረታበት ወቅት ቢጫ ወባ ገብቶ 2,000 ያህል ሰው ፈጀ። ከተማዋ ያን ጊዜ ያላት ሕዝብ ቢበዛ 60,000 ያህል ነበር። ሐኪሞቹ መንስኤው የቆሸሸ ውሃና የተበከለ አየር ነው አሉ። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ ናት የሚለውን ሐሳብ ኩባዊው ሐኪም ካርሎስ ፊንላይ ያቀረበው ገና በ1881 ነው፤ የአሜሪካ ጦር ሐኪሞች ያረጋገጡት ደግሞ በ1900። ስለዚህ የኒው ዮርክ ሰዎች ተገቢውን ነገር በተሳሳተ ምክንያት ጠየቁ ማለት ይቻላል። ይህች ትንኝ ክዳን በሌለው የውሃ በርሜል ውስጥ መራባት የምትወድ መሆኗ ደግሞ ሌላው ምፀት ነው።

ያም ሆነ ይህ፣ ጆሴፍ ብራውን የተባለ ሐኪም ከደሴቲቱ ውጪ ካለው ከብሮንክስ ወንዝ ውሃ ተስቦ እንዲመጣ ሐሳብ አቀረበ። ምክር ቤቱ ሐሳቡን ወደደው፤ ሥራውንም ከተማው ራሱ እንዲይዘው ፈለገ። ለዚህ የሚሆነውን ገንዘብ ለማሰባሰብ ግን ከኒው ዮርክ ግዛት ሕግ አውጪ ምክር ቤት ሥልጣን ማግኘት ነበረበት። አሮን ቡር ወደ ታሪኩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ቡር ጠበቃ፣ የቀድሞ ሴናተር፣ በዚያን ጊዜ ደግሞ የግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት አባል ነበር። ብራውን በሚስት በኩል ዘመዱ ነው። በከተማዋ ሁለት ባንኮች ብቻ ነበሩ፤ አንደኛው የኒው ዮርክ ባንክ፣ ሁለተኛው የዩናይትድ ስቴትስ ባንክ ቅርንጫፍ። ሁለቱም ፌዴራሊስት በሚባለው ፓርቲ ሰዎች እጅ ነበሩ፤ የፓርቲው ታላቅ ሰው ደግሞ አሌክሳንደር ሃሚልተን ነው። የቡር ወገን የሆነ ነጋዴ ብድር ሲጠይቅ ፊት ይነሡኛል እያለ ያማርር ነበር። አዲስ ባንክ ለማቋቋም የግድ የሕግ አውጪው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ምክር ቤቱ ደግሞ በተቃዋሚዎቹ የተሞላ ነው። ‹‹ባንክ ስጡን›› ቢል ማን ይሰጠዋል? ‹‹ውሃ ስጡን›› ቢል ግን፣ 2,000 ሰው ቀብራ ገና ከሐዘኗ ላልወጣች ከተማ ውሃ የሚከለክል ማን ነው?

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ። ቡር ከሁለቱም ፓርቲዎች የተውጣጡ ታዋቂ ሰዎችን አሰባስቦ ወደ ከተማው ከንቲባ ይዟቸው ሄደ። ምክራቸው ሥራው ለከተማው ከባድ ስለሆነ በግል ኩባንያ ቢያዝ ይሻላል የሚል ነበር። ከእነርሱ መካከል ራሱ ሃሚልተን ነበረበት፤ ያውም የግሉን ኩባንያ ጥቅም የሚያስረዳውን ጽሑፍ ያዘጋጀው እርሱ ነው። የከተማው ምክር ቤት ይህን ሰምቶ ወደ ኋላ አለ። ቡርም ረቂቁን ይዞ ወደ ግዛቲቱ ዋና ከተማ ወደ ኦልባኒ ወጣ። የጉባኤው ዘመን ሊዘጋ ተቃርቦ፣ እንደራሴዎቹ ወደየቤታቸው ለመመለስ በሚጣደፉበት ሰዓት ረቂቁ አለፈ። ሚያዝያ 2 ቀን 1799 የማንሃታን ኩባንያ ማቋቋሚያ ሕግ ጸና።

ሕጉ ለኩባንያው እስከ 2 ሚሊዮን ዶላር ካፒታል እንዲሰበስብ ፈቀደለት፤ ይህ ለዚያ ዘመን እጅግ ከፍተኛ ገንዘብ ነው። ቀጥሎም ከውሃው ሥራ የተረፈውን ካፒታል አክሲዮን ለመግዛት፣ ወይም ከሕገ መንግሥቱና ከሕጎች ጋር ለማይጋጭ ለማናቸውም ሌላ የገንዘብ ሥራ ሊያውለው እንደሚችል ይገልጻል። ባንክ የሚል ቃል በዚያች ዓረፍተ ነገር የለም። የሚያስፈልግም አልነበረም፤ ‹‹ማናቸውም ሌላ የገንዘብ ሥራ›› ከባንክም ይሰፋል።

አሁን ደግሞ ግዴታውን እንመልከት። ኩባንያው በ10 ዓመት ጊዜ ውስጥ ንጹሕና ጤናማ ውሃ እንዲያቀርብ ሕጉ ያዛል። ለማን? ኩባንያው በሚጠይቀው ዋጋና ውል ተስማምተው ለመውሰድ ፈቃደኛ ለሆኑት የከተማው ነዋሪዎች ነው። የዋጋ ገደብ የለም፤ ውሃው ከየት መምጣት እንዳለበት አይናገርም፤ የውሃውን ንጽሕና የሚመረምር ወገን አልሰየመም። የገንዘቡ መብት ከዚያው ቀን ጀምሮ የጸና ሲሆን የውሃው ግዴታ ግን 10 ዓመት ይጠብቃል። በእኔ አስተያየት የዚህ ሕግ ጉድ ያለው ብዙ ጊዜ በሚጠቀሰው በቡር ተንኮል ብቻ አይደለም። ያቺ የገንዘብ ዓረፍተ ነገር ባትኖርም እንኳ፣ ‹‹ንጹሕ ውሃ›› የሚለውን ቃል ጽፎ ለቃሉ ተጠያቂ ያላበጀ ሕግ ድኻውን የትም አያደርሰውም ነበር። ሕጎችን የሚመረምረው የግዛቱ ጉባኤ ዘንድ ሲደርስ ዳኛ ጆን ላንሲንግ ሥልጣኑ ከመጠን በላይ ሰፊ ነው ብሎ ተቃውሞ ነበር፤ ሰሚ አላገኘም።

ሕጉ በጸና በአምስተኛው ወር፣ መስከረም 1 ቀን 1799 የማንሃታን ኩባንያ ባንክ በዎል ስትሪት ቁጥር 40 በሩን ከፈተ። ውሃውስ? የብሮንክስ ወንዝ ነገር ተረሳ። ኩባንያው ጉድጓዱን ያስቆፈረው እዚያው ከተማ ውስጥ፣ ከዚያ ከተበከለው ከኮሌክት ኩሬ አጠገብ ነው። ቻምበርስ በሚባለው መንገድ ላይ መጀመሪያ ከታሰበው በብዙ ያነሰ ማጠራቀሚያ ሠራ። ቧንቧዎቹ መካከላቸው የተቦረቦረ የጥድ ግንድ ነበሩ፤ የአንዱ ቀጭን ጫፍ በሌላው ወፍራም ጫፍ ውስጥ እየተሰካ በየመንገዱ ሥር ተቀበረ። ያፈስሳል፣ የዛፍ ሥር ይገባበታል፣ በብርድ ወቅት ይረጋል። እነዚህ ግንዶች ዛሬም አልፎ አልፎ መንገድ ሲቆፈር ይወጣሉ፤ በ2006 በቢክማን መንገድ ሥር ሁለት ተገኝተዋል። የመጡበትን ሥራ በቅጡ ባይሠሩም እንጨትነታቸው ግን ጠንካራ ነበር።

ሃሚልተን ነገሩ ሲገባው ዘገየ። በኋላ በጻፈው ደብዳቤ ይህ ባንክ በመርሑ ጭራቅ ነው፣ ለትርፍና ለተጽዕኖ ግን ምቹ መሣሪያ ነው ሲል አማርሯል። ቡር በ1802 ከኩባንያው ዲሬክተሮች ቦርድ ወጣ። ሐምሌ 11 ቀን 1804 ሁለቱ ሰዎች ሽጉጥ ተማዘዙ፤ ሃሚልተን ቆስሎ በማግሥቱ ሞተ። የጠባቸው ምክንያት ሌላ ብዙ ነገር ነው፤ ውሃው ያገዳደላቸው አድርጎ መተረክ ማጋነን ይሆናል። ሽጉጦቹን ግን በ1930 የገዛቸው ያው ማንሃታን ኩባንያ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን 30 ዓመት በፍጥነት ልለፈው፤ ምክንያቱም የተነሡ ሐሳቦች እንጂ የተሠራ ነገር የለበትም። ከተማው ሌላ የውሃ ዕቅድ ባነሣ ቁጥር ኩባንያው በሕግ የተሰጠኝ መብት ይነካል ይላል፤ ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ጥናት ይጻፋል፤ መዝገብ ቤት ይገባል። ኮሌክት ኩሬ በ1811 ገደማ በአፈር ተደፈነ። በላዩ ላይ የተሠሩት ቤቶች መሬቱ ረግረግ ስለነበር እየሰመጡ ተጣመሙ፤ የሚችለው ሲወጣ ድኻው ገባበትና ሰፈሩ ፋይቭ ፖይንትስ በሚል ስም በችጋር ታወቀ። በ1832 ኮሌራ ሲገባ ክፉኛ የመታው ይህንኑ ሰፈር ነው። በጠቅላላው 3,500 ያህል ሰው ሞተ። ባለጠጋው በየገጠሩ ሸሸ። ከሕዝቡ ሲሶ የሚሆነው ከተማዋን ለቆ ሄዶ ነበር ይባላል።

ግንቦት 2 ቀን 1834 የወጣው ሕግ ከ1799ኙ ጋር ሲነጻጸር ሌላ ዓለም ነው። የሥራው ባለቤት ከተማው ራሱ ሆነ። ቦታውን የሚመርጡና ወጪውን የሚተምኑ አምስት የውሃ ኮሚሽነሮች ተሰየሙ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዕቅዱ በመራጩ ሕዝብ ድምፅ ካልጸደቀ እንደማይሠራ ተደነገገ። በሚያዝያ 1835 በተደረገው ምርጫ 17,330 ሰዎች ደገፉ፣ 5,963 ተቃወሙ። መራጩ ሕዝብ ሲባል ግን ልብ ማለት ያሻል፤ ውሃውን ከፓምፑ ተሸክመው የሚያመጡት ሴቶች ድምፅ አልነበራቸውም፣ ጥቁር ነዋሪም የ250 ዶላር ንብረት ከሌለው በቀር አይመርጥም ነበር።

ሥራው ሳይጀመር ታኅሣሥ 16 ቀን 1835 ሌሊት በንግዱ ሰፈር እሳት ተነሣ። ብርዱ ከባድ ስለነበር ውሃው በየቧንቧው ረግቷል፤ የእሳት አደጋ ሰዎች በኢስት ሪቨር ላይ የጋገረውን በረዶ እየሰበሩ ለመቅዳት ሞከሩ። ወደ 700 የሚጠጋ ሕንፃ ወደመ። እሳቱ የቆመው በባሩድ ቤት እያፈረሱ መንገዱን ሲዘጉበት ነው። ‹‹ውሃ የድኻ ጉዳይ ነው›› ይል የነበረ ነጋዴ ካለ፣ በማግሥቱ ሐሳቡን ለውጦ መሆን አለበት፤ የከተማዋ አብዛኞቹ የመድን ኩባንያዎች በዚያ አንድ ሌሊት ከሰሩ።

ቦዩ ከ1837 እስከ 1842 ተሠራ። መሐንዲሱ ጆን ጀርቪስ ነው። ከከተማዋ በስተሰሜን የክሮተን ወንዝ ተገደበና ውሃው 66 ኪሎ ሜትር በሚሆን የግንብ ቦይ፣ ያለ ምንም ፓምፕ፣ በቁልቁለቱ ኃይል ብቻ ወደ ማንሃታን ወረደ። ቁልቁለቱ በየኪሎ ሜትሩ 21 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የግንበኛውን ልክ አጠባበቅ እዚህ ላይ አለማድነቅ አይቻልም። ጉልበቱን ያፈሰሱት በአብዛኛው አየርላንዳውያን ስደተኞች ነበሩ፤ በ1840 ደመወዛቸው ሲቀነስ ሥራ አቁመው ነበር። በ1841 መጀመሪያ ደግሞ ጎርፍ ያልተጠናቀቀውን ግድብ ጥሶ ቤቶችን ጠረገ፤ ሰዎችም ሞቱ።

ጥቅምት 14 ቀን 1842 ከተማዋ በዓል አደረገች። መድፍ ተተኮሰ፣ ደወል ተደወለ፣ በማዘጋጃ ቤቱ መናፈሻ የተሠራው ፏፏቴ 15 ሜትር ያህል ወደ ላይ ተወነጨፈ። ማንሃታን ኩባንያም ከውሃው ሥራ ቀስ ብሎ ወጣ፤ ባንኩ ግን ቀጠለ። ከ100 ዓመት በኋላ፣ በ1955 ቼዝ ናሽናል ከሚባለው ትልቅ ባንክ ጋር ሲዋሐድ፣ በወረቀት ላይ ትልቁን የጠቀለለው ትንሹ ማንሃታን ነበር፤ ምክንያቱም ያ የ1799 የማቋቋሚያ ሕግ ኩባንያውን ለመሸጥ የባለአክሲዮኖቹን ሁሉ ስምምነት ይጠይቅ ነበር። ቡር ያስገባው ሕግ ማንንም በቅጡ ውሃ ሳያጠጣ 156 ዓመት ሠራ።

የክሮተን ውሃ ከተማዋ ደረሰ ማለት ግን ሰው ሁሉ ዘንድ ደረሰ ማለት አይደለም። አንድ መጠነኛ ቤት ቧንቧ ለማስገባት በዓመት 10 ዶላር ያህል መክፈል ነበረበት። ቀን ሠራተኛው በቀን አንድ ዶላር ባላገኘበት ዘመን ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ያውም ቤቱ የአከራዩ ነው፣ አከራዩ ካልፈለገ ተከራዩ ምን ያደርጋል? ለድኻው የተተወለት በየመንገዱ የቆመው ነፃ ቧንቧ ነው፤ እኛ ቦኖ የምንለው ዓይነት መሆኑ ነው። ባልዲውን ይዞ ይሰለፋል፤ አምስት ፎቅ ደረጃ ተሸክሞ ይወጣል። የአሮጌዎቹ ጉድጓዶች ፓምፖችም ወዲያው አልተነቀሉም። የቆሻሻ ውሃ መውረጃ ቦይ አብሮ ስላልተሠራ፣ በ1849 ኮሌራ ተመልሶ መጣና 5,000 ያህል ሰው ገደለ። ፏፏቴው ግን መወንጨፉን አላቆመም። በዚያው ዓመት የተቋቋመው የክሮተን መሥሪያ ቤት የቆሻሻ መውረጃውንም ሥራ እንዲይዝ ተደረገ፤ የሚገባውና የሚወጣው ውሃ አንድ ጉዳይ መሆኑን ሕጉ ያኔ ተቀበለ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን የሕግ ጉዞ መለካት የሚቻለው በባልዲ እርምጃ ነው። በ1866 የጤና ቦርድ ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት የመጣው ኮሌራ ከቀደሙት እጅግ ያነሰ ሰው ገደለ። በ1867 የወጣው የኪራይ ፎቅ ቤቶች ሕግ አከራዩ የክሮተን ውሃ በቤቱ ውስጥ ወይም በግቢው እንዲያስገባ አዘዘ። ‹‹ወይም በግቢው›› የሚለው ቃል የት እንደሚወስድ መገመት አያስቸግርም፤ ግቢው ይረክሳልና ብዙው አከራይ ግቢውን መረጠ። ከ1799ኙ ‹‹ማናቸውም ሌላ›› ቀጥሎ በዚህ ታሪክ ውስጥ እጅግ ውድ የሆነች ቃል ‹‹ወይም›› ናት። አዲስ የሚሠራ የኪራይ ቤት በየቤተሰቡ ክፍል ውስጥ የውሃ ቧንቧና መጸዳጃ እንዲኖረው ያስገደደው ሕግ የወጣው በ1901 ነው። ክሮተን ከተማዋ በገባ በ59ኛው ዓመት ማለት ነው። የቀድሞዎቹ ፎቆች ነዋሪዎች ደግሞ ከዚያም በኋላ ብዙ ጠብቀዋል።

እንደ ደንቡ ታሪኩ እዚህ ላይ በደስታ ሊያበቃ ይችል ነበር። ነገር ግን ከተማ ሲጠጣ የሚያጠጣው ገጠር አለ። ብሩክሊንና ሌሎቹ አካባቢዎች በ1898 ከተጨመሩ ወዲህ ክሮተን አልበቃ አለ። በ1905 የወጣ የግዛት ሕግ ከተማዋ ራቅ ባሉት በካትስኪል ተራሮች ውስጥ መሬት በግዴታ እንድትወስድ ፈቀደላት። ለአሾካን ግድብ ሲባል 2,000 ያህል ሰዎች ከቀያቸው ተነሡ፤ ቤታቸው ተቃጠለ፣ ዛፋቸው ተመነጠረ፤ ከ2,000 በላይ መቃብሮች ተከፍተው አጽሙ ወደ ሌላ ስፍራ ፈለሰ። ካሣ ይተመን ነበር፣ ክርክሩም ዓመታት ወሰደ። በማንሃታን አምስተኛ ፎቅ ላይ ያለችው እናት ባልዲዋን ያስቀመጠችው፣ ሌላዋ እናት ጓሮዋን ለቅቃ ነው።

በ1989 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ከወንዝና ከሐይቅ የሚቀዳ የመጠጥ ውሃ ሁሉ፣ ምንጩ በሚገባ ካልተጠበቀ በቀር፣ ተጣርቶ እንዲቀርብ ደንብ አወጣ። ለኒው ዮርክ ማጣሪያ መሥራት በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር የሚጠይቅ ነበርና ከተማዋ ሌላውን መንገድ መረጠች። በ1997 ከተራራው ወረዳዎች ጋር ውል ፈረመች፤ የገበሬውን የከብት በረት ፍሳሽና የመንደሩን መጸዳጃ ጉድጓድ ለማስተካከል ልትከፍል፣ መሬትም ስትገዛ ከወደደ ሻጭ ብቻ፣ በገበያ ዋጋ ልትገዛ ተስማማች። ከ1905ቱ ሕግ ጋር ሲተያይ ይህ ውል የገበሬውን ፊርማ የጠየቀ ነው። ዛሬ ከተማዋ ከምትጠጣው ውሃ አብዛኛው ክሎሪንና የመሳሰለው ታክሎበት፣ ሳይጣራ ከተራራው በቀጥታ ይወርዳል።

በአሾካን ሐይቅ ዙሪያ በሚያልፈው የመኪና መንገድ ዳር፣ ከውሃው ሥር ለቀሩት መንደሮች ትንንሽ ሰሌዳዎች ቆመውላቸዋል። በእያንዳንዱ ላይ የመንደሩ ስምና ‹‹የቀድሞው ስፍራ›› የሚሉ ቃላት ተጽፈዋል።